ከሥር ያለው ድምፅ

«ሰምሃል፣ እስኪ አንድ ብርጭቆ ውሃ።»

ሰምሃል ገና ከትምህርት ቤት መግባቷ ነበር። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወደ ኩሽና አለፈች፤ ብርጭቆ አነሣች፤ ከጀሪካኑ ቀዳች። ኮሪደሩን አጋምሳ ነው እግሯ ቀጥ ያለው። ውሃው በብርጭቆው ጠርዝ ፈሶ ጣቶቿን አራሳት።

የጠራት የአጎቷ የአያ ስብሓት ድምፅ ነበር። አያ ስብሓት ደግሞ ድምፃቸውን ካጡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

በሳሎኑ መስኮት ወደ በረንዳው አየች። አያ ስብሓት አንገታቸው ላይ ነጭ ሻሽ ጠምጥመው፣ ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው፣ ከአራተኛ ፎቅ የገርጂን መንገድ ቁልቁል ያያሉ። ሐኪሞቹ ጉሮሯቸውን ቀደው የታመመውን ካወጡላቸው ወዲህ የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ በቀረው ቀዳዳ ነው፤ ውሃ ሲያምራቸው የሚጣሩትም በማንኪያ ነው፤ ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጉታል። ማንኪያው ግን ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደመ ነው።

«ሰምሃል፣ እስኪ አንድ ብርጭቆ ውሃ።»

አሁንም ያው ድምፅ። ወፍራም፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሻከር የሚል። የመጣው ከወንድሟ ክፍል ነው። በሩን በእግሯ ገፋችው።

«ሠራ!» ያፌት ከላፕቶፑ ፊት ተነሥቶ ጨፈረ። «በእናትሽ ውሃውን ይዘሽ መጣሽ! ሠራ ማለት ነው!»

«ምንድን ነው እሱ?»

«አያ ስብሓት ናቸዋ። ድምፃቸው ማለቴ ነው። የሰጠሽኝን የድሮ ሲዲዎቻቸውን በሙሉ የሰው ድምፅ ለሚኮርጅ የኮምፒውተር ፕሮግራም አስደመጥኩት። አሁን የፈለግሽውን ጻፊ፣ በሳቸው ድምፅ ያነብልሻል።»

«ቀስ በል፣ ይሰሙሃል!»

«የበረንዳው በር ዝግ ነው፤ አታካብጂ አቦ።»

ሰምሃል ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ለማን እንደቀዳችው ግራ ገባት።

ያፌት ዩኒቨርስቲ ፊልም ያጠናል፤ ዘንድሮ ተመራቂ ነው። ፖፑላር ካልቸር የሚባለውን ኮርስ የሚያስተምሩት መምህር ክፍሉን ሁሉ «ለማጥናት ሩቅ አትሂዱ፤ ቤታችሁ ቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን መሳቢያ ክፈቱ» አሏቸው። ያፌት መሳቢያውን ቢከፍተው ባዶ ነበር። ሲዲዎቹን ቀድማ አውጥታ በጫማ ካርቶን ያስቀመጠቻቸው ሰምሃል ናት።

አያ ስብሓት በዘመናቸው የፊልም ተርጓሚ ነበሩ፤ ሲዲዎቹም እሳቸው በአማርኛ ድምፅ የሰጧቸው የሕንድ ፊልሞች ናቸው። አክተሩም፣ እናቱም፣ ወንበዴውም፣ ፖሊሱም እሳቸው ናቸው። ሕንድኛ አንድ ቃል አያውቁም። ፊልሙን ሦስት ጊዜ ያዩትና «ሰው የሚለውን ፊቱ ይነግርሃል» ብለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባሉ፤ ልብሱ ድምፅ ያፍናል። እዚያ በኮቶችና በቀሚሶች መሀል ተቀምጠው፣ «እህም» ብለው ጉሮሯቸውን ጠርገው ይጀምራሉ። የሕንዱ አክተር በሳቸው አፍ «ከመገናኛ እስከ ኢምፔሪያል በእግሬ ነው የመጣሁት፣ ታክሲ የለም» ሲል የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በሳቅ ይንከባለል ነበር። ሰምሃል ያኔ ትንሽ ልጅ ናት። ከቁም ሣጥኑ በር ሥር ተቀምጣ፣ አንድ ሰው ብቻ የገባበት ሣጥን ውስጥ ስድስት ሰው ሲጣላ ትሰማለች።

ያን ድምፅ ምን ያህል እንደናፈቀች ያወቀችው አሁን ነው።

በማግስቱ ያፌት ግቢ ሲሄድ ክፍሉ ገባች። «ሰምሃል ጎበዝ ናት» ብላ ጻፈች። «እህም። ሰምሃል ጎበዝ ናት» አለ ድምፁ። እህም ብላ አልጻፈችም። ሆኖም ሣቀች። በሦስተኛው ቀን «ሒሳብ ፈተናሽ እንዴት ነበር?» አስባለችውና ለላፕቶፑ «ከበደኝ፣ አያ» ብላ መለሰች። በረንዳው ላይ ያሉት አያ ስብሓት ያን ዕለት ነጩ ሰሌዳቸው ላይ ያንኑ ጥያቄ ጽፈው ጠብቀዋት ነበር። «ደህና ነው» ብላቸው አልፋለች።

ሮብ ዕለት የምትጽፈው አጣች። እንዲሁ ምንም ሳትጽፍ ባዶ ቦታ ሰጥታ «አንብብ» የሚለውን ተጫነችው።

መጀመሪያ ረጅም ትንፋሽ መጣ። ከዚያ «እህም»። ከዚያ አንድ ነገር መናገር ጀመረ፤ አማርኛ አይደለም፣ ትግርኛም አይደለም፣ ቃል ለመሆን የሚታገል ነገር ነው። የሆነ ሰው በጨለማ በሩን የሚዳብስ ይመስላል። ከድምፁ በስተኋላ የአውሮፕላን ጉምጉምታ ቀስ ብሎ ቀረበ፤ በራሷ ላይ አለፈ፤ ራቀ።

ሰምሃል ተነሥታ በመስኮት አየች። ሰማዩ ላይ ምንም የለም።

ቆይቶ ገባት። ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ድሮም በገርጂ ላይ ነው የሚያልፉት፤ ድምፃቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ድረስ ይገባ ነበር። ፕሮግራሙ አውሮፕላኑንም የአያ ስብሓት ድምፅ አካል አድርጎ ተምሮታል። ምክንያቱን ብታውቅም ክፍሉ ውስጥ መቆየት አልፈለገችም። በሩን ዘግታ ወጣች። ሐሙስ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዋ የተቀመጠ ሰው «እህም» ሲል ዞር ለማለት ፈራች።

ሐሙስ ማታ ያፌት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ።

«ሰሚ፣ አንድ ነገር አድርጊልኝ። አያ ስብሓት ይፈርሙበት።»

አነበበችው። «የድምፅ ቅጂዎቼ ለጥናት እንዲውሉ ፈቅጃለሁ» ይላል። «ስለ ተሠራው ድምፅ አይልም።»

«ድምፅ ይላል አይደል? በቃ። ስለሳቸው የሠራሁትን የመመረቂያ ፊልም የሚተርከው እሱ ነው። ቆይ ላሰማሽ።» ተጫነው።

«እህም። እኔ ስብሓት እባላለሁ። ብዙ ዘመን በሰው አፍ ስናገር ኖርኩ። ዛሬ ድምፄን አጥቻለሁ። ግን አላዝንም። ድምፄ ከእኔ የተሻለ ቤት አግኝቷል።»

ሰምሃል ክንዷን አሸት አሸት አደረገችው። «አላዝንም ብለዋል እንዴ?»

«አላሉም፤ ግን ያው ነው። እንደዛ ነው የሚያስቡት።»

«በምን አወቅህ?»

«ሲስቁ ነው የማያቸው!» ያፌት አልጋው ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «እዪ፣ ክፉ ነገር እያስባልኳቸው አይደለም። ክብር እየሰጠኋቸው ነው። ሰው ሁሉ የረሳውን ሥራ ዩኒቨርስቲ እያስገባሁት ነው። ሰኞ ነው የማቀርበው። ካልፈረሙ ፊልሙ አይታይም፣ ፊልሙ ካልታየ አልመረቅም። እማዬ ደግሞ ለምርቃቱ ቀሚስ አሰፍታለች።»

«ለምን ራስህ አትጠይቃቸውም?»

ያፌት መሬት መሬቱን አየ። «እኔ ስሰጣቸው መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ። አንቺ ስትሰጫቸው ግን ሳያዩ ነው የሚፈርሙት።»

እውነቱን ነው። የትምህርት ቤት ካርዷን ሲፈርሙላት እንኳ ውጤቷን ዓይተው አያውቁም፤ ፊቷን ብቻ ነው የሚያዩት።

ቅዳሜ ከሰዓት እናታቸው ቦሌ ሱቋ ናት፤ ያፌት የቀረችውን ቀረጻ ሊጨርስ ወጥቷል። ሰምሃል ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች።

አያ ስብሓት ወረቀቱን ሲያዩ ሰሌዳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉና ጻፉ፤ «ደግሞ ምን አጠፋሽ? ወላጅ አምጪ ተባልሽ?»

«አይ፣ የያፌት ነው። ለትምህርቱ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እጃቸውን ዘረጉ። መነጽራቸው ከሸሚዛቸው ኪስ አልወጣም። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ፊቷን አዩና ፈገግ አሉ። እስክሪብቶው ወረቀቱን ነካ። «ስ» ጻፉ።

«ቆይ!»

ሰምሃል መዳፏን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። «አያ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ይስሙልኝ።»

ላፕቶፑን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ከብርጭቆው አጠገብ አኖረችው። ብትጫነው ያፌት ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ተጫነችው።

«እህም። እኔ ስብሓት እባላለሁ።»

አያ ስብሓት ደንግጠው የወንበሩን ክንድ ያዙ። ከዚያ ሰምሃል ያልጠበቀችው ነገር ሆነ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላ ሰው ከንፈር ሲከተሉ ኖረዋል፤ አሁን ከንፈራቸው ድምፁን ተከተለ። «ብዙ ዘመን በሰው አፍ ስናገር ኖርኩ።» ቃሉም ከንፈሩም ልክ አብረው ወጡ። እየተናገሩ ነው። አያ ስብሓት እየተናገሩ ነው! ሰምሃል እንባዋ መጣ። «ዛሬ ድምፄን አጥቻለሁ።»

ከንፈራቸው ተዘጋ።

«ግን አላዝንም» አለ ድምፁ ብቻውን። አያ ስብሓት አፋቸውን ገጥመው ላፕቶፑን ያያሉ፤ ድምፃቸው ግን አላቆመም። «ድምፄ ከእኔ የተሻለ ቤት አግኝቷል።» ከዚያ ያ አውሮፕላን መጣ፤ ራቀ።

የማርከሩ ክዳን ሲከፈት ተሰማ። «ማን ጻፈው?»

«ያፌት።»

በእጃቸው አጠፉትና ጻፉ፤ «ጎበዝ ነው። እኔም ሕንዶቹን አላስፈቀድኩም።» ትከሻቸው ተነቃነቀ፤ ከሻሹ ሥር ትንፋሻቸው ፉጨት መሰለ። ሣቃቸው ነው። ሰምሃል ነገሩ በዚሁ ያለፈ መስሏት እሷም ልትስቅ ስትል እንደገና አጠፉና ቀስ ብለው ጻፉ።

«ግን ከሥር ማን አለ?»

«ከሥር? አልገባኝም፣ አያ።»

ተነሥተው ሳሎን ገቡ። ከጫማ ካርቶኑ አንድ ሲዲ መርጠው አጫወቱት። ጢማም አክተር ዝናብ ውስጥ ቆሞ በአያ ስብሓት ድምፅ እናቱን ይማጸናል። አያ ስብሓት ድምፁን ከፍ፣ ደግሞም ከፍ አደረጉትና ጣታቸውን ጆሯቸው ላይ አኖሩ፤ ስሚ።

ሰማች። ከአማርኛው በታች፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚያወራ ሰው፣ የአክተሩ የራሱ ድምፅ አለ። በማታውቀው ቋንቋ ያለቅሳል። እዚያው ነበረ፤ ይሄን ሁሉ ዓመት ሰምታው አታውቅም።

ሰሌዳው ላይ፤ «የድምፁን ባለቤት አጥፍቼ አላውቅም።» ከዚያ በታች፣ ፊደሉን ጫን አድርገው፤ «ደግሞ አዝናለሁ።»

ሁለተኛዋን መስመር አላጠፏትም። ሰሌዳውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት፤ ወረቀቱን አጥፈው ለሰምሃል መለሱላትና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ስልክ ደወለች።

«ፈረሙ?» አለ ያፌት። ከኋላው የታክሲ ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» ይጮኻል።

«አልፈረሙም። አስደመጥኳቸው።»

«ሰሚ… ምን ነካሽ? ሰኞ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ና፤ መነጽራቸውን አድርገው ይጠብቁሃል።» ዘጋችው።

ወደ በረንዳው ስትመለስ ላፕቶፑ አሁንም ክፍት ነው። የሚጻፍበት ባዶ ሣጥን ውስጥ ትንሿ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ጻፊ፣ ጻፊ የምትል ይመስላል። ሰምሃል ጥቂት አየቻት። ከዚያ ክዳኑን ገጥማ ስልኳን ድምፅ መቅጃው ላይ አደረገችና አያ ስብሓት አጠገብ ተቀመጠች።

«አያ፣ የትም አልሄድም፤ እስከ ሰኞ ድረስ እዚሁ ነኝ» አለች። «አሁን ያለውን ድምፅዎን ለፊልሙ ልቅዳው?»

አያ ስብሓት ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ልከው ሻሹን ራሳቸው ፈቱት። ሰምሃል ዓይኗን አላሸሸችም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ትንፋሽ ገባ፤ ወጣ። ቀጭን ፉጨት አለው። አንድ እውነተኛ አውሮፕላን በላያቸው አለፈ፤ ሁለቱም ቀና ብለው አዩት። ከዚያ ማንኪያው ብርጭቆውን ሁለት ጊዜ መታ።

ሰምሃል ቅጂውን ሳታቆም ውሃ ልትቀዳ ተነሣች።