የባሕሯ እመቤት ባል

ዴልሲያ ኦርማንን መጀመሪያ ያየችው የኮኮናት ዳቦ ልትሸጥ ወደ ጀልባዎቹ በወረደች ጊዜ ነው። ከባሕር ወለል ሎብስተር የሚባለውን የባሕር እንስሳ እየለቀመ የሚሸጥ ጠላቂ ነበር። ዳቦዋን እየገመጠ፣ «ይሄን የጋገረችው ልጅ ባል አላት?» አለ።

«ባል ቢኖራት ላንተ ዓይነቱ ትሸጥ ነበር?»

ሳቀ። ሳቁ የተኛ ውሻ የሚያባንን ነበር።

የሠርጋቸውን ቀን ከቆረጡ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ብሎ ሊጠልቅ ወጣ። ጥልቁ ውስጥ ሳለ አየር አለቀበትና በጥድፊያ ወደ ላይ ተወነጨፈ። ጀልባው ላይ እንደ ወጣ ሲጋራ ለኮሰ። ሲጋራው ሳያልቅ እግሮቹ ከዱት።

በዚያ ዳርቻ ከጥልቅ ፈጥኖ ወጥቶ እንዲህ ሽባ የሆነ ወንድ የባሕሯ እመቤት ለባልነት የመረጠችው ነው ይባላል። ውኃ ካየ መጥታ ትወስደዋለች። እናቱ እማማ ሮዚላ ከባሕሩ ጋር በሚገናኘው ሐይቅ በኩል ያለውን መስኮት በሳንቃ ቸነከሩት። ልጃቸውን ጨለማ ክፍል ውስጥ አስተኙት። ስለሚወዱት ነው።

ዴልሲያ ሳትመጣ የምትውልበት ቀን አልነበረም። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

«ሂጂ አግቢ።»

«ማንን?»

«እግር ያለውን።»

«እግር ያለው ይሄዳል እኮ።»

አልሳቀም። እያደር እህልም ተወ። ሾርባውን እንኳ በመለሰ ጊዜ ዴልሲያ ተነሣች።

«እማማ፣ እዚሁ እየሞተብን ነው።»

«ውኃው ይገድለዋል፣ ልጄ።»

«ይሄ ክፍልስ?»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የልጃቸውን እግሮች ያዙ። ሁለቱ ሴቶች ተሸክመው አወጡት።

የጠዋቱ ሐይቅ ለብ ያለ ነበር። ዴልሲያ ከነቀሚሷ እስከ ደረቷ ገብታ ጀርባውን በክንዷ ደገፈች። አንገቷን ጭምቅ አድርጎ ያዘ። ቆይቶ ለቀቃት። እግሮቹ ተንሳፈፉ፤ እንደ ማንም ሰው እግር ቀለሉ። ትንንሽ ዓሦች መጥተው ብብቱ ሥር ገቡ።

«ዴልሲያ... ይኮረኩሩኛል!»

ሳቀ። እየሳቀ ውኃ ጠጣ፤ ሳል ያዘው፤ እንደገና ሳቀ። እማማ ሮዚላ ዳር ቆመው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ራበኝ» አለ።

ተጋቡ። መስኮቱ ተከፈተ። ኦርማን ማንጎ ሲበላ ጭማቂው እስከ ክርኑ ይወርዳል፤ አይጠርገውም። ዶሮ ሲጮህ ሰምቶ ይደሰታል። ነገር ግን ብዙ ቀን በመተኛት የወጣበት ቁስል ወደ ውስጥ ይበላው ነበር። መድኃኒት ከከተማ እስኪመጣ ትኩሳቱ ቀደመ።

በመጨረሻው ቀን ዝናብ ጣለ፤ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድበው ጀመር። ዴልሲያ አለቀሰች።

«እስኪ ዝም በይ፣ አንቺ ልጅ» አላት በደከመ ድምፅ። «ዝናቡን ከለከልሽኝ። ስሚው እንዴት እንደሚያምር።»

እንባዋን ዋጠች። አጠገቡ ተጋደመችና እጁን ይዛ አብራው አደመጠች።

ዝናቡ ሲያባራ የምታደምጠው እሷ ብቻ ነበረች።