ለያኔት የተጋገረው እንጀራ

«እንዳትበዪው!» አለች አቢጊያ፣ ጓደኛዋን ጎትታ ወጥ ቤት እያስገባቻት።

«ምኑን?»

«እንጀራውን። እማዬ ለብቻሽ የጋገረችልሽን።»

ያኔት ግራ ተጋባች። «ንጹህ ጤፍ ነው አሉኝ እኮ።»

«ዱቄቱማ ንጹህ ነው። እርሾው ግን ያው የድሮው ነው። የድሮው ሊጥ ደግሞ ስንዴና ገብስ አለበት። አሁን ነው ክሊክ ያደረገልኝ።»

የአቢጊያ እናት ምህረት ለዚህ ቅዳሜ ያልሆነችው የለም። ያኔት ሴሊያክ የሚባል በሽታ እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ ሰው ቤት መብላት መተዋን ሰምታ፣ ቤተሰቧን ሁሉ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ እሷ ቤት ድረስ ምሳ ጠራች። ውድ የተባለውን ጤፍ ገዛች፤ አዲስ ባልዲ ከነክዳኑ አመጣች፤ ምጣዱን እጇ እስኪላጥ ፈተገች። በመጨረሻ ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን እርሾ፣ ከሊጥ ወደ ሊጥ ሲተላለፍ የኖረውን፣ አዲሱ ቡሆ ላይ ጠብ አደረገችበት። እርሾን ከዱቄት የሚቆጥር ሰው የት አለ?

ያኔት ዓመት ሙሉ ሆዷን ሲያማት ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ሐኪም ሆኖላት ነበር። «ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ተዪ!» «ጨጓራ ነው፣ ተልባ ጠጪ!» በኋላ ሐኪሟ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፏ አስገብታ ስታይ፣ አንጀቷን የጎዳው ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን ሆኖ ተገኘ። ጨጓራዋም ተቆጥቶ ቀልቷል። ያኔ «ብለን ነበር!» ያላለ ምእመን አልነበረም። ያኔት ግን በዚያ ዓመት ውስጥ አንድም እሑድ ከመዘምራን አልቀረችም፤ ሆዷን በክንዷ ደግፋ ትዘምር ነበር። ከምርመራው እንደወጣችም ፎቶዋን ልካ «ዛሬ ካሜራ በላሁ» ብላ ጻፈች። መርፌ ሲያይ የሚያለቅስ ሰው፣ ማለትም አቢጊያ፣ እንዲህ ያለውን ጓደኛ ከማድነቅ በቀር ምን ያደርጋል?

«አቢ፣ ፕሊስ አትናገሪ» አለች ያኔት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እትዬ ምህረት ስንት ደክመዋል! አንድ ጉርሻ ብቻ በልቼ ጠገብኩ እላለሁ።»

«እማዬን አታውቂያትም? አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሦስት ሳታጎርስሽ ትለቅሻለች? ደግሞስ ዶክተሯ ፍርፋሪም ቢሆን ይጎዳሻል አላለችም?»

«አንድ ቀን ነው እኮ። እችለዋለሁ።»

አቢጊያን ያናደዳትም ይኸው ነበር። ያኔት በእርግጥ ትችለዋለች። ችላ ችላ አይደል እዚህ የደረሰችው!

«ልጆች፣ ኑ እንጂ!» አለች ምህረት ከሳሎን።

የአቢጊያ አባት ዓብዩ ጸለየ፤ አሜን ተባለ። ምህረት ለብቻው ከተሸፈነው ሳህን እንጀራ ቆረሰች፤ ለያኔት ጨጓራ ብላ በሠራችው አልጫ ጠቀለለችው።

«በይ የኔ ልጅ፣ ይሄ ያንቺ ነው። ስንዴ የሚባል አልነካውም።» ፊቷ በርቷል።

ያኔት ፈገግ ብላ አፏን ከፈተች።

እናትን እንግዳ ፊት ማሳፈር ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም አቢጊያ እጇን ሰድዳ የእናቷን የእጅ አንጓ ያዘች።

«እማዬ፣ ቆይ! እርሾው ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ነው?»

«አዎ፤ ታዲያ እርሾ ከየት...» ምህረት ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ጉርሻው አየር ላይ ቀረ። የበራው ፊቷ ሲጨልም አቢጊያ አየች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

የያኔትን እናት ጸዳለን የምህረት ማፈር አስጨነቃት። ልጇን ከሐኪም ሐኪም ስታመላልስ የከረመች ሴት ናት፤ ይሉኝታ ግን ማንንም አይምርም። «ኧረ ምህረትዬ፣ ጠብታ እርሾ ምን ታደርጋለች ብለሽ ነው! ምንም አትሆንም፣ ትጉረስ!»

ሁሉም ወደ ያኔት ዞረ። ያኔት ጉርሻውን አየች፤ ከዚያ አቢጊያን አየች።

«ያመኛል፣ እማ» አለች በቀጭን ድምፅ። «በጣም ነው የሚያመኝ። ሁልጊዜም በጣም ነበር የሚያመኝ።»

ጸዳለ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ምህረት ጉርሻውን ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ መለሰች። አቢጊያ ቁጣ ጠበቀች፤ እናቷ ግን ተነስታ የያኔትን ሳህን ከደነች፤ ቀጥላም ትልቁን ትሪ ከደነች። ሊቆርስ እጁን የዘረጋው ዓብዩ ባዶ እጁን ሰበሰበ።

«ሩዝ እስኪበስል ማንም አይጎርስም» አለች ምህረት። «ድስት ውስጥ የቀረውን ወጥ እንጀራ አልነካውም። ልጅቷ ሳትበላ የሚበላ የለም።»

አቢጊያ ወጥ ቤት ገብታ ድስት ጣደች፤ ሩዙንም አጠበች። ያኔት ከኋላዋ መጥታ የእንጨት ማማሰያውን አነሳችና አገላብጣ አየችው።

«በዚህ ፓስታ አማስላችሁ ታውቃላችሁ?»

አቢጊያ አመነታች። «አዎ፣ የስንዴውን፤ ግን በደንብ ታጥቧል።»

ሳሎን ያሉት ተርበው ይጠብቃሉ። ያኔት ወደዚያ ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ ማማሰያውን ለአቢጊያ መለሰችላት።

«ሌላ ስጪኝ» አለች።