ጋሼ ያልነው እስስት

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ በቡዳ አላምንም፣ በሟርት አላምንም፣ ጥቁር ድመት መንገድ ብታቋርጠኝ መኪናዬን አቁሜ አሳልፌያት የምሄድ ሰው ነኝ። ሥራዬ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኒው አልባኒ በሚባል ከተማ፣ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ማሽን መጠገን ነው፣ ማሽን ሲቆም ደግሞ ወይ ቀበቶው ተበጥሷል ወይ ሞተሩ ተቃጥሏል እንጂ ዓይን በልቶት ነው ብዬ ለአለቃዬ ሪፖርት አድርጌ አላውቅም። ስለዚህ ይህን ስታነቡ “ሰውዬው ድሮም እንዲህ ነበር” እንዳትሉኝ፣ ድሮ እንዲህ አልነበርኩም።

ባለቤቴ ማህሌት ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱንም ጊዜ ጨነገፈባት። ሂሊያርድ የገዛነው ቤት ለሁለት ሰው እንደሚሰፋ የገባን ያኔ ነው፣ እሷ ፎቅ እኔ ምድር ቤት ሆነን ቀኑ ይመሻል፣ አዝነን ነበር፣ ማዘናችንን ደግሞ እርስ በርስ እንደባበቅ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ፖላሪስ አካባቢ ስዞር አንድ አዳራሽ ውስጥ እባብና እንሽላሊት የሚሸጥበት ገበያ አይቼ ዝም ብዬ ገባሁ። ሰው ሁሉ የሚገዛቸው የየመንና የማዳጋስካር እስስቶች በየጠረጴዛው ተደርድረዋል፣ እኔን ያቆመኝ ግን ጥግ ላይ ለብቻው የተቀመጠው ነው፣ ከክንዴ የሚረዝም፣ አረንጓዴና ቢጫ ዥንጉርጉር፣ አፍንጫው ላይ ትንሽ ቀንድ ያለው፣ ሜለር የሚሉት የታንዛኒያ ዝርያ። ሻጩ ጢማም ፈረንጅ ነው፣ “ይሄ ለጀማሪ አይሆንም፣ ቦታ ሲቀየርበት ውሃ መጠጣት ያቆማል” አለኝ፣ እኔ ደግሞ አይሆንም ሲሉኝ ነው የሚብስብኝ።

ጣሪያ የሚደርስ የወንፊት ሽቦ ቤት ሠራሁለት፣ ውስጡ እውነተኛ ዛፍ ተከልኩ፣ እንደ ፀሐይ የሚያበራ አምፖል ሰቀልኩ። እስስት ከሳህን አይጠጣም፣ ቅጠል ላይ ያለ ጠብታ ነው የሚልሰው፣ ስለዚህ ጠዋትና ማታ በመርጫ ጠርሙስ ቅጠሉን አረጥባለሁ፣ ፌንጣውን ካልሲየም ነስንሼበት እሰጠዋለሁ። ጋሼ ብላ የሰየመችው ማህሌት ናት፣ አንድ እግሩን አንስቶ “ላስቀምጠው ወይስ ይቅር” እያለ ሲያመነታ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ይመስላል ብላ ሳቀች። ከስንት ወር በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው፣ እንስሳውን የወደድኩትም ለዚያ ነው።

ከዓመት በኋላ ማህሌት እንደገና ፀነሰች፣ ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ እናቷ እማማ ብርቄ ሊያርሷት ከአዲስ አበባ መጡ። የፎቁ ክፍል ለሕፃኑ ስለተፈለገ የጋሼን ቤት ወደ ሳሎን አወረድኩት፣ እማማ ብርቄም ገና ከበሩ ሲገቡ አዩት።

“እስስት? ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት?”

“እማማ፣ ምንም አያደርግም፣ ፔት ነው፣ እንደ ድመት ይዩት።”

“ደግሞ ጋሼ ትሉታላችሁ! እኔ ጋሼ ብዬ የምጠራው የተከበረ ሰው አለ።”

“ማሚ፣ ፕሊስ፣ ስትረስ አታድርጊኝ” አለች ማህሌት፣ ነገሩም በዚያው ቆመ።

ሻጩ እንዳለው ግን ጋሼ ቦታው ሲቀየርበት ውሃ መጠጣት አቆመ። አምስት ቀን ሙሉ ጠብታ አልላሰም፣ ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገቡ፣ ይሄ ደግሞ ውሃ የጠማው እስስት ምልክት ነው፣ ሐኪም ዘንድ ልወስደው ቀጠሮ ሁሉ ይዤ ነበር። በአምስተኛው ቀን ከሥራ ስገባ እማማ ብርቄ መርጫውን ይዘው ሽቦው ፊት ቆመዋል፣ ጋሼ ቅጠሉን እየላሰ ነው፣ ያውም ሳያቋርጥ። ደስ ብሎኝ ላመሰግናቸው ስል እሳቸው ከአዲስ አበባ ያመጡት የጸበል ጀሪካን ከፍሪጅ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ አየሁት።

“እማማ፣ ጸበሉን ነው የሞሉበት?”

“ክፉ ከሆነ ይሽሽ፣ ደህና ከሆነ ይጠጣ ብዬ ነው።”

“እና?”

“ታየው የለም እንዴ፣ ጠጣ” አሉኝ፣ እሳቸው ግን ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር። እኔ ሳቅኩ፣ እመኑኝ፣ ከልቤ ሳቅኩ።

በማግስቱ ሳሎን ውስጥ አንድ ድምፅ ጀመረ፣ ከሩቅ የቆመ ከባድ መኪና ሞተር ዓይነት፣ ዝቅ ያለ፣ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ የሚሰማ። ሥራዬ ነውና ፍሪጁን ነቀልኩ፣ ማሞቂያውን አጠፋሁ፣ ድምፁ አልጠፋም። መጨረሻ ላይ እጄን ሽቦው ውስጥ አስገብቼ ቅርንጫፉን ስነካው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ከጋሼ ነው። ሳነብ እስስቶች አንዳንዴ እንዲህ እየተንቀጠቀጡ ድምፅ እንደሚያወጡ የሚናገር ጽሑፍ አገኘሁ፣ በቃ ምክንያት አለው ብዬ ተረጋጋሁ። ያላነበብኩት ግን ማህሌት ሶፋው ላይ ስትቀመጥ ብቻ ለምን እንደሚያደርገው ነው።

የእስስት ዓይኖች እንደምታውቁት ለየብቻ ነው የሚዞሩት፣ አንዱ ጣሪያ ሲያይ ሌላው ወለል ያያል። ሁለቱንም አንድ ቦታ የሚያሳርፈው ምላሱን ፌንጣ ላይ ሊወረውር ሲል ነው። ጋሼ ሁለቱንም ዓይኖቹን የማህሌት ሆድ ላይ አሳረፈ፣ ለአፍታ መስሎኝ ነበር፣ ግማሽ ሰዓት ቆየ። ወደ ኩሽናው ወንበር እንድትዛወር ነገርኳት፣ ጋሼም እግሩን እያነሳ እያመነታ ቅርንጫፉን ሁሉ ዞሮ በዚያ በኩል ቆመና እንደገና ሁለቱን ዓይኖቹን አሳረፈ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ፣ ለማህሌት አልነገርኳትም፣ እማማ ብርቄ ግን አይተዋል፣ ማየታቸውን ያወቅሁት በሷና በጋሼ መሃል እየቆሙ ሊከልሏት ሲሞክሩ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ደጅ የጣለው በረዶ በመስኮቱ አብርቶ ሳሎኑ ቦግ ብሏል፣ ማህሌት ሶፋው ላይ ሸለብ አድርጓታል። ድምፁ ቆመ። ቀና ብዬ ሳይ ጋሼ ገርጥቷል፣ እስስት ጨለማ ሲሆን የሚተኛበት ያ ነጣ ያለ መልክ፣ በጠራራ ብርሃን፣ አምፖሉ ራሱ ላይ እየበራ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ዓይኖቹን ጨፈነ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ማህሌትን ቀሰቀስኳት።

“ልጁ ይንቀሳቀሳል?”

“ምን ሆንክ? አዎ… ቆይ።” እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። “ቆይ እስኪ፣ ቀዝቃዛ ጁስ ስጠኝ።” ጠጣች፣ በጎኗ ተኛች፣ እኔና እማማ ብርቄ ቆመን እናያታለን፣ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። “ዛሬ ጠዋት ይንቀሳቀስ ነበር… አሁን ግን የለም። መኪናውን አስነሳ!”

ሆስፒታል እንደደረስን ሐኪሞቹ ተሯሯጡ፣ በቀዶ ጥገና አወጡት፣ እትብቱ አንገቱ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ነበር። እማማ ብርቄ ኮሪደሩ ላይ “ማርያም ማርያም” ሲሉ እኔ አብሬያቸው እል ነበር፣ አላፍርም። ሲያለቅስ ሰማነው፣ ወንድ ልጅ። ሐኪሟ ወጥታ “ሌላ አንድ ሰዓት ቢቆይ ኖሮ አናገኘውም ነበር፣ እንዴት አወቃችሁ?” ስትለኝ “እናቱ ተሰማት” አልኳት። ምን ልበላት?

ቤት ስመለስ ጋሼ አረንጓዴ ነው፣ ውሃውን ይልሳል፣ አንድ ዓይኑ ጣሪያ አንድ ዓይኑ ወለል። ሕፃኑ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ቆይቶ ገባ፣ ማህሌት ደረጃ መውጣት ስለማትችል ከኩሽናው አጠገብ ባለችው ክፍል አረስናት። ከዚያን ቀን ወዲህ ጋሼ ቅርንጫፉን ዞሮ ከክፍሏ በር ፊት ለፊት ነው የሚውለው። ሻጩ ጋ ኮል ላድርግና ይውሰደው አልኳት።

“እስኪ አስበው” አለችኝ ቀስ ብላ፣ ሕፃኑ እንዳይነቃ። “አይቶ ነው ያስጠነቀቀን? ወይስ ስላየው ነው የሆነው?”

“አላውቅም።”

“የመጀመሪያው ከሆነ እንዴት እንሰጠዋለን? ሁለተኛው ከሆነስ ለማን ነው የምንሰጠው?”

እማማ ብርቄ ሰምተዋል፣ መጀመሪያ ሲያዩት የተቆጡት ሴትዮ አሁን ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን የሚያረጥቡለት እሳቸው ናቸው፣ ከየትኛው ጠርሙስ እንደሆነ አልጠይቅም።

ባለፈው እሑድ አርባ ቀኑ ሞልቶ ለክርስትና ወጣን። ዋናው በር በሳሎኑ ነው፣ ማህሌት ነጠላዋን ለብሳ ልጁን ታቅፋ ኩሽናው ውስጥ ቆመችና አየችኝ፣ እኔም የጓሮውን በር ከፈትኩ። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ እሷን ደግፌ ቤቱን ዞርን፣ በሳሎኑ መስኮት ሥር ስናልፍ ኮቴን አውልቄ የልጄን ፊት ሸፈንኩት። ለብርዱ ነው አልኩ፣ ማንም ግን አልጠየቀኝም።