ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚመጡት እጆች

ውሸት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ። እኔም ውሸት ቢሆንልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ግን ሆኗል። በእኔው ላይ። በጠራራ ፀሐይ፣ ልክ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰው በመንገዱ እየተጋፋ፣ መኪናው ጡሩምባውን እያምባረቀ...

ከአንድ መነጽር ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ እሠራ ነበር። አንድ የማሳጅ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ ነጭ መጋረጃ። በሩ ላይ "ሬኪ" የሚል ጽሑፍ።

ለማታውቁት፣ ሬኪ ማለት እጅን በሰው ገላ ላይ በቀስታ በማሳረፍ "የሕይወት ኃይል" ይተላለፋል፣ በሽተኛውም ይድናል የሚል ዘዴ ነው። የተማርኩት በአራት ቀን ነው። የምስክር ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ቀጥ አድርጌ ለመስቀል የፈጀብኝ ጊዜ ከትምህርቱ ሳይበልጥ አይቀርም።

ሦስት ምልክቶች አስተማሩን። በጣት አየር ላይ ይሳላሉ። አንዱ ኃይል መጥሪያ ነው። አንዱ ለጭንቀት ነው። ሦስተኛው ረጅም፣ መስመሩ የበዛ ነው። እሱን ከሳላችሁ በሽተኛው አጠገባችሁ መሆን የለበትም ይባላል። ቤቱ ተኝቶ፣ እናንተ ካላችሁበት ሆናችሁ፣ እጃችሁ ይደርስለታል ይባላል።

አምን ነበር?

ግማሽ በግማሽ። ሰው ጋደም ብሎ፣ ዝም ብሎ፣ ሌላ ሰው በርኅራኄ እጁን ሲያሳርፍበት ቀለል ይለዋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረውን አልጠየቅሁም። መጠየቅ አልፈለግሁም።

እንግዲህ እትዬ መርፌ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው።

ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ "እትዬ መርፌ" ነው የሚላቸው። ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም። ገና በር ላይ ሲያዩኝ "ቀሚስሽ ትከሻው ላይ ተጣሟል፣ ማን ነው ያበላሸብሽ?" ያሉኝ ሴት ናቸው። ወዲያው ወደድኳቸው።

በቀኝ በኩል፣ ከጎድናቸው ሥር፣ ወደ ጀርባ የሚወጋ ሕመም ነበረባቸው። ሆስፒታል ለምርመራ ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል። እስከዚያ ድረስ እንዲቀልላቸው ብለው ነው የመጡት።

እጄን አሳረፍኩ። ቀለላቸው። እዚያው አልጋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ለአንድ ወር እንዲህ ተመላለሱ። ከዚያ ደረጃው ከበዳቸው።

"ልጄ፣ በርቀትም ይሆናል ብለሽኝ አልነበር?" አሉኝ በስልክ። "እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረፍ እላለሁ። አንቺ ከዚያ ላኪልኝ።"

"እሺ እትዬ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እልካለሁ።"

አልላክሁም።

ይኸው፣ ተናገርኩት። በመጀመሪያው ቀን ረሳሁት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፀጉር ቤት ካስክ ውስጥ ገብቼ መጽሔት እያገላበጥኩ ነበር። ማታ ስልኬ ሲጠራ ነው ትዝ ያለኝ። ደነገጥኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት...

"ተባረኪ ልጄ!" አሉኝ። "ልክ በሰዓትሽ መጣሽ። እጅሽ እዚህ ጎኔ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

"ብቻ ቀዝቃዛ ነበር። ውጭ ይበርዳል እንዴ?"

እንዲያው በነሲብ "አዎ... ትንሽ" አልኳቸው።

በማግስቱም አልላክሁም። አያችሁ፣ ምንም ሳላደርግ የሚሠራ ከሆነ ለምን ልድከም? እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንዳንዴ ምሳ እበላለሁ፣ አንዳንዴ ስልክ እነካካለሁ። እሳቸው ማታ ይደውሉና ያመሰግኑኛል።

"ዛሬ ቆየሽ።"

"ዛሬ ጫን አድርገሽ ያዝሽኝ።"

"ዛሬ ከጨረስሽ በኋላ ወዲያው አልሄድሽም አይደል? ተቀምጠሽ ስታዪኝ ታወቀኝ..."

ታናሽ ወንድሜ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የሚሠራው። በሥራዬ ሲቀልድብኝ ነው የኖረው፤ "እታለም፣ እስቲ ስልኬን ቻርጅ አድርጊልኝ" እያለ እጁን ይዘረጋልኛል። ያን ቀን ግን ስነግረው አልሳቀም።

"ይህ ተጠንቷል" አለኝ። "አንዱን ቡድን ሬኪ የተማሩ ሰዎች ያክሙታል። ሌላውን ደግሞ ምንም ያልተማሩ፣ እጃቸውን እንዲሁ እንዲያንቀሳቅሱ የተነገራቸው። ሁለቱም ጋ 'ቀለለኝ' የሚል በሽተኛ ተገኝቷል። ሰው ሲጠብቅ ይሰማዋል። ሴትዮዋ እየጠበቁሽ ነው፣ ስለዚህ ይሰማቸዋል። ሌላ ምንም የለም።"

ተነፈስኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

"ቀጠሯቸው መቼ ነው?" አለ ቀጥሎ።

"ያለፈ ሳምንት ነበር።"

"ሄዱ?"

አላውቅም። አልጠየቅኳቸውም።

ዓይን ዓይኔን አየኝ። "እታለም፣ ነገ ሄደሽ ንገሪያቸው። አንድም ቀን አልላክሁም በያቸው። ካፈርሽም እፈሪ። ግን ሐኪም ጋ ይሂዱ።"

እሺ አልኩት።

በማግስቱ ግን ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር አሰብኩ። ዛሬ አንድ ቀን እንኳ የእውነት ልላክላቸው። ቢያንስ "ልኬያለሁ" ስል ሙሉ በሙሉ ውሸት እንዳይሆን።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በሬን ዘጋሁ። ከታች የመነጽር ቤቱ ሠራተኛ አንዱን ደንበኛ ፊደል ሲያስነብብ ይሰማኛል። ተቀመጥኩ። ያን ረጅም ምልክት አየር ላይ ሳልኩ። ባዶው አልጋ ላይ እትዬ መርፌ እንደተኙ አድርጌ አሰብኩ። መዳፌን ጎናቸው በሚሆንበት ቦታ ላይ ዘረጋሁ። ዝቅ አደረግሁት...

ዝቅ...

አልጋው ላይ ሳይደርስ ቆመ።

ከመዳፌ ሥር አንድ ነገር ነበር። ቀዝቃዛ። አጥንቱ ይቆጠራል። አራት ጉብ ጉብ ያሉ መገጣጠሚያዎች።

የእጅ ጀርባ ነበር።

ቦታው ተይዟል...

እጄን መንጭቄ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። አልጋው ባዶ ነው። ከታች ሰውዬው "ሁለተኛውን መስመር ያንብቡት" ይላል። ደንበኛው ያነባል።

ሮጬ ወጣሁ። እትዬ መርፌ ቤት እስክደርስ ድረስ ሩጫዬን አላቆምኩም።

በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ እናቷን ለማስታመም ፈቃድ ወስዳለች። ምንም ሳትለኝ ወደ መኝታ ቤት አስገባችኝ።

እትዬ መርፌን ሳያቸው ክው አልኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሽ ሆነዋል። እጄን ያዙኝ።

"ዛሬ ሞቃት ነው" አሉ። መዳፌን አገላብጠው እያዩ።

"እትዬ... አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።"

"ንገሪኝ ልጄ።"

አፌ ላይ ደረሰ። እምላለሁ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፊታቸውን ሳየው... እንዲህ አምኖኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ያ ፊት ሲቀየር ማየት አልቻልኩም።

"ሆስፒታል ቢሄዱስ? ቀጠሮው አልፏል እኮ..."

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ከዚያ ወደ በሩ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አንቺው አይደለሽ እንዴ አትሂጂ ያልሽኝ?"

"እኔ?!"

"በቀጠሮዬ ዋዜማ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ። በጆሮዬ።"

"ምን... ምን ነበር ያልኩዎት?"

"'ከሄድሽ እኔ የት እሆናለሁ?' አልሽኝ።"

አሁን ቆም ብላችሁ አስቡ። ያን ጊዜ "እኔ አይደለሁም" ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል እንኳ አይሞላም። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማለች፣ ትሰማኛለች። ታክሲ መጥራት እንችል ነበር። በዚያው ቀን ሐኪም ፊት ሊቀርቡ ይችሉ ነበር።

እኔ ምን አልኩ?

"እስቲ... ያስቡበት" ብዬ ወጣሁ።

ወንድሜ ማታ "ነገርሻቸው?" ሲለኝ "አዎ" አልኩት።

ከአሥር ቀን በኋላ ልጃቸው በግድ ተሸክማ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ኖሮ ሊረዳቸው ይችል እንደነበር ነግሯታል። ይችል ነበር...

በአራተኛው ቀን አረፉ።

ክፍሌን ለቀቅሁ። ጽሑፉን ከበሩ ላይ ፋቅሁት። መብላት አቃተኝ። ሰው ሰላም ሲለኝና እጁን ሲዘረጋልኝ እጄን ወደ ኪሴ እከታለሁ። ለወንድሜ አልቅሼ እውነቱን ነገርኩት። "ለእኔ ምን ያደርግልኛል?" አለኝ። "ሂጂና ለልጃቸው ንገሪ።"

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሄድኩ። ጠዋት ነበር።

ልጅቷ የእናቷን የስፌት ክፍል እየጠረገች ነበር። ቁርጥራጭ ጨርቅ በየማዕዘኑ ተከምሯል። ወንበር ሰጠችኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነው የተናገርኩት።

"ለእናትሽ አንድም ቀን አልላክሁላቸውም። ዋሽቻቸዋለሁ። አትሂጂ ያልኳቸውም እኔ አይደለሁም። ሲነግሩኝ ግን ዝም አልኩ።"

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"አንቺ እንዳልሆንሽ። እማዬም ታውቅ ነበር።"

ያልተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ወደቅሁ።

"ከመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቀችው። 'የዚያች ልጅ እጅ ሞቃት ነው፣ የዚችኛዋ ግን በረዶ ነው' አለችኝ። ታዲያ ለምን አትነግሪያትም ስላት፣ 'ታፍራለች፣ ተያት። ልጅ ናት' አለች።"

እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። እኔ እሳቸውን ፈርቼ ስዋሽ፣ እሳቸው እኔን ላለማሳፈር ሲዋሹልኝ ነበር። ያን ቀን አልጋው አጠገብ "አንቺው አይደለሽ እንዴ" ያሉኝም... እውነቱን እንድናገር በር እየከፈቱልኝ ይሆን? አላውቅም። መቼም አላውቅም።

"ይቅር በይኝ" አልኳት።

"አልችልም" አለች ቀስ ብላ። "ገና አልችልም።"

ልክ ነበረች። ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ግን አላስችል አለኝ።

"ሌላ እንደሆነች ካወቁ... ለምን አላባረሯትም?"

ልጅቷ ወደ ክፍሉ ጥግ አየት አደረገች።

"አዘነችላት" አለች። በሹክሹክታ ነበር። "'ትንቀጠቀጣለች' አለችኝ። 'ልብስ የላትም።'"

"እና?"

"ልኬቷን ወሰደች። በበሩ ስንጥቅ አይቻታለሁ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሜትሩን አየር ላይ ዘርግታ፣ 'ቀጥ በይ... ክንድሽን ዘርጊ... አሁንም ዘርጊ... አሁንም...' ትላለች። ከዚያ በኋላ ያላትን አቅም ሁሉ ለእሷ ቀሚስ በመስፋት ነው የጨረሰችው።"

ወደ ክፍሉ ጥግ ሄዳ መጋረጃውን ገለጠች።

ከግድግዳው ላይ አንድ ግራጫ ቀሚስ ተሰቅሏል። ስፌቱ እንከን የለውም። ትከሻው ቀጥ ያለ ነው። ቁልፎቹ እስከ አንገት ድረስ ተቆልፈዋል። እጅጌዎቹ ወርደው፣ ወርደው፣ መሬት ነክተው ተጣጥፈዋል።

"ከሞተች ጀምሮ ማንም አልነካውም" አለች ልጅቷ።

ቀረብ ብዬ አየሁት።

ጨርቁ ተለብሷል። ብዙ የተለበሰ ልብስ ክርን ላይ እንዴት እንደሚጨማደድ ታውቃላችሁ አይደል?

በእያንዳንዱ እጅጌ ላይ፣ ሁለት ቦታ ተጨማድዶ ነበር...