ወንድሟ ጣሪያው ላይ ሳለ

ፒሲላ ሁልጊዜ የምትሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነበር።

አክስቷ ፊፊታ በረንዳቸው ላይ ሰሌን ይታታሉ። ሊሲያቴ ከሰሌኑ ዳር ተቀምጦ ይደረድራል። ጥቁሩ ጠጠር ፕሮቶን ነው፣ ቀዩ የዛፍ ፍሬ ኒውትሮን፣ ነጩ ዛጎል ኤሌክትሮን።

«ይህ ሶዲየም ነው» አለ። «መሃሉ ላይ አሥራ አንድ ፕሮቶንና አሥራ ሁለት ኒውትሮን፣ ዙሪያውን አሥራ አንድ ኤሌክትሮን። አሁን አንዱ ኤሌክትሮን ሄደ።» አንድ ዛጎል አነሣ። «ምን ሆነ?»

«ጎደለበት። ኔጌቲቭ አንድ።»

«የሄደው ራሱ እኮ ነው ኔጌቲቩ። እሱ ሲሄድ የሚቀረው ፖዘቲቭ ነው።»

«የሄደ ነገር እንዴት ይጨምራል? አባቴ ኒውዚላንድ ሲሄድ ለቤታችን ምን ተጨመረ?»

«እንቅልፍ» አሉ ፊፊታ ቀና ሳይሉ። «ሲያንኮራፋ ዶሮ ያስበረግግ ነበር።»

ሊሲያቴ የደሴቲቱ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ነው። ፒሲላ ትምህርቷን ከጨረሰች ዓመታት አልፈዋል፤ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ነርስ ለመሆን የኬሚስትሪውን ፈተና ማለፍ አለባት። ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሦስተኛው ደርሷል፤ አራተኛ የለም።

ሊሲያቴ ይወዳታል። አልነገራትም። ዛጎሉን ስትቀበለው ጣቷ ጣቱን ይነካዋል። እሱ ቀና ሲል እሷ ጠጠሩን ታያለች፤ እሷ ቀና ስትል እሱ። ፊፊታ ሁለቱንም ያያሉ።

አርብ አርብ አመሻሽ ላይ ወንዶቹ በመንደሩ አዳራሽ ክብ ሠርተው ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጥ ይጠጣሉ። ከእንጨቱ ገበታ ኋላ ተቀምጣ የምትቀዳው ፒሲላ ናት። የምትቀዳ ልጅ ለማንም ቃል ያልሰጠች መሆን አለባት፤ ቃል የሰጠች ቀን ጽዋውን ታስቀምጣለች። ሌላም ሕግ አለ። ወንድሟ፣ የአጎቷ ልጅ እንኳ ቢሆን፣ ከመጣ ተነሥታ ትወጣለች። እህት ፊት፣ ወንድም ፊት፣ ስለ ፍቅር አይወራም፤ አይቀለድም።

በዚያ ሰሞን ወደ ዋና ከተማው የሚመላለሰው መርከብ መካኒክ አይሳኬ ከጎኗ መቀመጥ ጀመረ።

«ፒሲላ፣ ካቫው ዛሬ ጣፈጠኝ። ጣትሽን ነክረሽበታል እንዴ?»

«ጣቴን አይደለም፤ ካልሲህን።»

ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷም ሳቀች። ሊሲያቴ አልሳቀም። ለእሱ እንዲያ ስቃለት አታውቅም። ጽዋው ሲዞር ለአይሳኬ የሞላ፣ ለእሱ የጎደለ መሰለው። ቤቱ ገብቶ ተኛ፤ ሳቋ አብሮት ተኛ።

በሳምንቱ ወደ ጎረቤቱ ደሴት ወደ ፎኣ ተሻግሮ የአጎቷን ልጅ ኬፉን አገኘው። ኬፉ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ድምፁ ያምራል።

«አርብ ና እንጂ። ዘፋኝ አጥተናል።»

«እናንተ ዘፋኝ? ጆሮ ነው ያጣችሁት» አለ ኬፉ። ሆኖም መጣ።

ኬፉ በሩ ላይ ሲታይ ፒሲላ ጽዋውን አስቀመጠች። ዓይኗ በክቡ ላይ ዞሮ ሊሲያቴ ላይ ቆመ። ከዚያ ተነሥታ ወጣች። በቦታዋ አንድ ጢማም ሽማግሌ ተቀመጡ።

«እንግዲህ ይህን ጢም እያየሁ ልጠጣ ነው» አለ አይሳኬ።

ሊሲያቴ ያን ማታ ደስ ብሎት ጠጣ።

ቅዳሜ ጠጠሩን ይዞ ወደ ፒሲላ ቤት ሄደ። ከበረንዳው በላይ መዶሻ ይንኳኳል። ኬፉ ነው። ፊፊታ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ እንዲጠግንላቸው አስቀርተውታል።

«ዛሬ ትምህርት የለም» አሉ በሩ ላይ ቆመው። «ወንድሟ ከላይ ሆኖ አንተ ከሥር ልትቀመጥ ነው? ለመሆኑ ማን ጠራው?»

«እንጃ።»

«እንጃ? እሱ ግን ነግሮኛል፣ አንተ ልጅ።»

ሊሲያቴ አንድ ሰው ሊያርቅ ብሎ ራሱ ራቀ። ጠጠሩን በኪሱ ይዞ ተመለሰ።

እሑድ መዶሻው ዝም አለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፒሲላ ከፊቱ ተቀምጣ ነበር፤ አልዞረችም። አይሳኬ በመስኮቱ በኩል ነበር። ሊሲያቴ ወደዚያ ትዞር እንደሆነ ሲጠብቅ አረፈደ። ወደዚያም አልዞረችም። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። አላለውም። ፈተናው ረቡዕ ነው።

ሰኞ ጧት መሰላሉን ወጣ።

«ኬፉ፣ አርብ የጠራሁህ ለዘፈንህ አይደለም።»

መዶሻው ቆመ። «ለምንድን ነው ታዲያ?»

«ላንተ በማይነገር ነገር ነው።»

ኬፉ መዶሻውን በእጁ አዟዟረ። ሁለት እጆቹ መረብ የጎተቱ እጆች ናቸው፤ መዶሻው በእነሱ ውስጥ ማንኪያ ይመስላል።

«የማይነገር ከሆነ አትንገረኝ» አለ። አንድ ሚስማር መታ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዞረ። «ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ዓሣ ልይዝ እሄዳለሁ። እስከ ረቡዕ አልመለስም።»

ግማሹን ጣሪያ ክፍት ትቶ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ ሊሲያቴ ሲመጣ ፊፊታ ሰማይ በሚታይበት በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

«ዝናብ ከመጣ ሰሌኔን አንተ ነህ የምትታታው» አሉት።

ፒሲላ ወጣች። ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ዛሬ እኔ ነኝ የምጠይቅህ፣ መምህር። ከሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ሄደ። ፕሮቶኑ ስንት ቀረ?»

«አሥራ አንድ።»

«አልቀነሰም?»

«የዳሩ ቢመጣም ቢሄድም የመሃሉ ያው ነው። የመሃሉ ከተነካማ ሶዲየም መሆኑ ቀረ።»

«ታውቀዋለህ ማለት ነው።» ዛጎሎቹን ወደ እሱ ገፋቻቸው። «ታዲያ ከጎኔ ማን ተቀመጠ፣ ማን ተነሣ እያልክ የዳሩን ብቻ ስትቆጥር ለምን ከረምክ? መሃሉን አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?»

ፊፊታ መታታታቸውን አቆሙ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ።

«እሱ ከፈተናው በኋላ። አሁን ክሎሪን። አንድ ኤሌክትሮን መጣበት፤ አሥራ ሰባት ፕሮቶን፣ አሥራ ስምንት ኒውትሮን፣ አሥራ ስምንት ኤሌክትሮን። ኔጌቲቭ አንድ።» ቆም አለች። «መጥቶም ያጎድላል ለካ።»

«እኔ እንደጠራሁት ኬፉ።»

ሳቀች። ያ የአርቡ ሳቅ ነበር።

ከፈተናው በኋላ መሃሉን ጠየቃት። «ውጤቱ ይምጣ» አለችው። ውጤቱ መጣ፤ አለፈች። ያኔ ደግሞ እሱ ፈራ፤ አልጠየቃትም።

ነርስነት ለመማር ወደ ዋና ከተማው የምትሄደው አይሳኬ በሚሠራበት መርከብ ነው። ሌላ መርከብ የለም። ሊሲያቴ ሻንጣዋን ተሸክሞ ወደቡ ላይ ቆመ። ያ የድሮው ቅናት ተመልሶ መጣበት፤ ሻንጣውን ግን አላስቀመጠም።

«ፒሲላ!» አለ አይሳኬ ከላይ። «መንገዱን ሁሉ ካቫ አለ! የጎደለው ቀጂ ብቻ ነው!»

ወደቡ በሰው ተሞልቷል። ኬፉም ዓሣውን አንጠልጥሎ ቆሟል።

«እኔ ከእንግዲህ አልቀዳም» አለች ፒሲላ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ሊሲያቴ ዞረ። ኬፉ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ፤ እንዳልሰማ ሆነ። አይሳኬ ሊሲያቴን አየ፣ ሻንጣውን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

«በሉ» አለ፣ «ያን ጢማም ሽማግሌ መርከቡ ላይ አሳፍሩልኝ!»

በማግስቱ ሊሲያቴ ክፍል ውስጥ ሶዲየምን ደረደረ።

«መምህር፣ አንድ ዛጎል ጎድሏል» አሉት ተማሪዎቹ።

«አውቃለሁ። ማን እንደወሰደውም አውቃለሁ። ምልክቱን ጻፉ።»

ሁሉም የመቀነስ ምልክት አሉ፤ አንዱ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ሊሲያቴ ጠመኔውን አንሥቶ መሃሉ ላይ አንድ መስመር ወደ ታች አሰመረበት፤ መደመር ሆነ።