ከካውያው የሚቀድመው እጅ

«እስቲ ወደ ብርሃኑ አዙሪያት» አሉ ጋሼ።

ልጅቷ የልብስ ማሳያዋን አሻንጉሊት ወደ መስኮቱ አዞረቻት። ጥቁር ሰማያዊው የከፋይ ቀሚስ ብርሃን ሲነካው ጉዱ ወጣ። ግራ ጎኑ ጨለም፣ ቀኙ ፈካ ብሎ ከሁለት የተለያየ ጨርቅ የተሰፋ መሰለ። ጨርቁ ግን አንድ ነው። ከፋይ እንደ ድመት ፀጉር ወደ አንድ ወገን ይተኛል፤ አንዱን ቁራጭ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች አድርጎ የቆረጠ ሰው ቀሚሱን ገድሎታል። ፈትቶ መስፋትም አያድነውም።

የቆረጠችው የልጅቷ እናት ናት። በዚህ ስፌት ቤት መቀስ ከያዘች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ከፋይ ሲመጣ ዓይኗን ጨፍና በጣቶቿ ትዳብሰውና ፀጉሩ ወዴት እንደተኛ ትናገራለች። «ዓይን ይዋሻል፣ እጅ አይዋሽም» ማለት ትወድ ነበር። አሁን ግን ጥግ ላይ ቆማ ወለሉን ታያለች።

የስፌት ቤቱ ባለቤት ጋሼ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ዓይኗ እንደደከመ፣ ይህ በማንም ላይ እንደሚደርስ፣ እሳቸውም መነጽር ካደረጉ እንደቆዩ ለስለስ ባለ ድምፅ ነገሯት።

«ከሰኞ ጀምሮ ካውያውን ያዢልኝ» አሉ በመጨረሻ። «እሱ ያን ያህል ዓይን አይፈልግም። መቀሱን ቀጮ ትያዘው።»

ሰፊዋን ቀጮን መቁረጥ ያስተማረቻት የልጅቷ እናት ራሷ ናት። ቀጮ አፍራ መርፌዋ ላይ አቀረቀረች። የልጅቷ እናት «እሺ ጋሼ» ብቻ አለች።

ልጅቷ ግን የእናቷን ጣቶች አየች። የእናቷ ዓይን ምንም አልሆነም፤ ከመንገድ ማዶ ያለ ታፔላ ታነባለች። የደነዘዙት ጣቶቿ ናቸው። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ቆይቷል፣ ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ የጣቶቿ ጫፍ መርፌ ቢወጋውም አይሰማትም። ይህን ከልጅቷ በቀር የሚያውቅ የለም። እሷም ያወቀችው እናቷ ነጭ ሸሚዝ ላይ ደም እያንጠባጠበች ሳታውቅ ስትሰፋ አይታ ነው። ልጅቷን ሰፈሩም ስፌት ቤቱም «ቁልፌ» ይላታል፤ በሦስት ዓመቷ የኮት ቁልፍ ውጣ ሰዉን ሁሉ አሯሩጣለች። ልጅቷ ደሙን ያየች ዕለት እናቷ «ቁልፍ የዋጥሽ ልጅ ነሽ፣ ይቺንም ዋጪልኝ» አለቻት። አብረው ሳቁ፤ ነገሩ በዚያው የሚቀር መስሏቸው ነበር።

እሁድ ከሰዓት እናቷ እጇን ለማፍታታት ብላ የልጅቷን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ዘርግታ መተኮስ ጀመረች። ግራ እጇ ጨርቁን እየደለደለ ይቀድማል፣ ካውያው ይከተላል። ቀጮ መቀስ ስትይዝ እንዴት ትከሻዋን እንደምትሰቅል እያስመሰለች ታወራለች። ካውያው እጇ ላይ ደረሰ፤ የጠቋሚ ጣቷን ጫፍ ነክቶት ቆመ። እሷ ወሬዋን ቀጠለች።

«እማ፣ እጅሽ።»

እናቷ ጣቷን አንስታ አየችው። ቀልቶ ውሃ ሊቋጥር ነው። የሌላ ሰው እጅ የምታይ ትመስል ነበር።

ልጅቷ ያላሰበችው መላ አልነበረም። ጓንት ብታደርግስ አለች፤ ጓንት ለምን ብለው እንዲጠይቁ ነው ወይ ተባለች። ከትምህርት ቤት እየመጣሁ እኔ ልተኩስልሽ አለች፤ አንቺ እስክትመጪ ልብሱ ይጠብቃል ወይ ተባለች። ለጋሼ ንገሪያቸው ስትል ግን እናቷ ካውያውን ነቅላ ተቀመጠች።

«ብነግራቸው ምን ይሆናል?» አለች። «ዓይኗ የደከመ ሴት ትተኩሳለች። እጇ የሞተ ሴት ግን ስፌት ቤት ውስጥ ምን ትሠራለች? ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

ልጅቷ ሸሚዙን አጣጠፈች።

ሰኞ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፉት ሁሉ እንደ ጉንዳን ሲርመሰመስ ዋለባት። ደወሉ እንደተደወለ ሮጠች። ስፌት ቤት ስትደርስ እናቷ ግድግዳው ጋ በእንፋሎት ተከባ ቆማለች፤ የተኮሰቻቸው ሸሚዞች አጠገቧ ተሰልፈዋል። አንዳቸውም ላይ እጥፋት የለም።

«ቁልፌ፣ እናትሽ እኮ ካውያውንም አንበረከከችው» አለች ቀጮ። «እኛ ደግሞ ስናካብድ ነበር።»

ልጅቷ የእናቷን ግራ እጅ በዓይኗ ፈለገች። ጨርቁ ሥር ነው። እናቷ የምትተኩሰውን ልብስ ልትቀይር ስታወጣው ሦስት ጣቶቿ በፕላስተር ተጠቅልለዋል። ትናንት የተቃጠለው አንድ ነበር። እናቷ ልጅቷ መቁጠሯን አየች፣ ፈገግ አለች፣ ራሷንም በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

ብትናገር እናቷ ቤት ትውላለች። ባትናገር እጇ ያልቃል። ልጅቷ ሦስተኛ መንገድ ከትናንት ጀምሮ ስትፈልግ ነበር፤ አላገኘችም፤ አሁንም የለም። የደብተር ቦርሳዋን እናቷ እግር ሥር አስቀመጠች። ከዚያ በልብስ ስፌት መኪናዎቹ መሃል አልፋ ወደ ጋሼ ክፍል ሄደች።

ከኋላዋ የካውያው ድምፅ ቆመ። እናቷ ጠራቻት። ቁልፌ አላለቻትም፤ በጣም ሲከፋት እንደምታደርገው በሙሉ ስሟ ነው የጠራቻት።

ልጅቷ አልዞረችም። በሩን አንኳኳች።