የኬርሶ ማሳ

በዚያ መከር በዳምሮት ምድር የማሽላው ዛላ ሁሉ ሞልቶ ቆመ፤ አውድማ ላይ ሲወቃ ግን እብቅ ብቻ ወጣ። ገበሬዎቹ ዓይናቸውን ተጠራጥረው ደግመው ወቁት። ፍሬ አልነበረውም።

ምክንያቱን ሁሉም ያውቁ ነበር፤ የሚናገር ግን አልነበረም። በዳምሮት ሰው ሲሞት ማሳው አንድ ዓመት ሳይታረስ እዳሪ ይቀር ነበር። አፈሩም ያዝናል ይሉ ነበር። ሕዝቡ በዝቶ እህል ሲያንስ ንጉሥ አዛርያን ይህን ልማድ ሻሩ። ባረፈ መሬት ውስጥ እየኖረ አፈሩን የሚያለማው ዘንዶ ሙዳርም መኖሪያ አጥቶ ወደ ድንጋዩ ተራራ ሸሸ።

ወጣቷ ሳርሚት «ሙዳርን ሳልመልስ ቤቴን አልረግጥም!» ብላ በንጉሡ ፊት ማለች። ባሏ ኬርሶና መንገዱን የሚያውቁት ሽማግሌ አባ ድምን አብረዋት ወጡ።

«ሰው ዘንዶ ፍለጋ ጦር ይዞ ይሄዳል፤ አንተ ሞፈር ትሸከማለህ?» አሉ አባ ድምን።

«አባ፣ መሬቱስ ይረፍ፤ የእርስዎ አፍ መቼ ነው የሚያርፈው?» አለ ኬርሶ።

ሳርሚት ሳቀች። በኋላ ስለዚያ ጉዞ ስትጠየቅ የምትናገረው ይህንን ብቻ ነበር።

የዋሻውን አፍ ቋጥኝ ዘግቶታል። የሙዳር ድምፅ ከእግራቸው በታች ነዘረ። «ልውጣ። ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲያርፍ የተተወ ማሳ ካላገኘሁ እሞታለሁ፤ ዳምሮትም ከእኔ ጋር።»

ኬርሶ ሞፈሩን ከቋጥኙ ሥር ሰክቶ በትከሻው ደግፎ አነሣው። ጥቁሩ ገላ በአጠገቡ ይፈስ ጀመር፤ ማለቂያ ያለው አይመስልም ነበር። ሞፈሩ ሲጢጥ አለ።

«ልቀቀው!» ብላ ጮኸች ሳርሚት።

«ጅራቱ ይለፍ።»

ጅራቱ አለፈ። ሞፈሩ ተሰበረ፤ ቋጥኙም በኬርሶ ላይ ወረደ።

ሙዳር ሳርሚትንና አባ ድምንን በጀርባው ይዞ ሲወርድ ፀሐይዋ ኮረብታውን ነክታ ነበር። የተራበው ሕዝብ እንደገና ሊዘራ ሳይታረስ የቀረውን ብቸኛ ማሳ፣ የኬርሶን፣ ለማረስ በሬ ጠምዷል። ንጉሡ ሁለቱን ብቻ ሲያዩ ገባቸው።

«ለባልሽ አዝናለሁ። ግን የሚበላ አፍ በዝቷል፤ አንድ ትልም እንኳ መተው አልችልም።»

ሳርሚት ከበሬዎቹ ፊት ቆመች። «ንጉሥ ሆይ፣ ይህ ማሳ ካላረፈ ሙዳር ይሞታል፤ እብቁን ስንት ጊዜ ያስወቃሉ?»

«ተራቡ ነው የምትዪን?» አለች ልጅ ያዘለች ሴት።

«ዘንድሮ አዎ። እኔም ከእናንተ ጋር።»

የበሬዎቹ ትንፋሽ ፊቷን ነካ። ከኋላዋ የዘንዶው ቆዳ እየደረቀ ሲሰነጠቅ ይሰማል። ከዚያ ንጉሡ ወደ ማሳው ወርደው ቀንበሩን በገዛ እጃቸው ፈቱ።

ሙዳር ወደ አፈሩ ሰመጠ።

ያ ዓመት ከባድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በዳምሮት ማሳዎች በየተራ ያርፋሉ፤ መሬት ለማረፍ የሰው ሞት አይጠብቅም። የሚታረሰው ማሳ የሚሰጠው እህል ለሁሉም ይበቃል።

የኬርሶ ማሳ የሚታረስበት ተራ ሲደርስ ሳርሚት እርፉን ለማንም አልሰጠችም። እሸቱ ሲደርስ ከአንድ ዛላ ላይ ፈልፍላ እዚያው ቆማ በላች።

ፍሬው ሙሉ ነበር።